ጠብታው ሲቆም ማንም አልሰማም

ነገሩ የጀመረው ከእንቅልፌ ጋር በመጣላት ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ ይል ነበር። ቀን ቀን አይሰማም። መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲተኛ ግን ጠብ... ጠብ... ይላል። መጀመሪያ ከሥሩ ጨርቅ አነጠፍኩ። ድምፁ ጠፋ፣ ውሃው ግን መፍሰሱን አላቆመም። ከዚያ እጀታውን አጥብቄ መዝጋት ጀመርኩ። በየቀኑ ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ጠበቅ። ኋላ ላይ ልጆች ሊከፍቱት እስኪያቅታቸው ደረሰ። ነገሩን ያባባስኩት እኔው እንደሆንኩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

አንድ ሌሊት ተነስቼ ቆጠርኩ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ይወርዳል። ይህ በቀን 86,400 ጠብታ ነው። አንዷ ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ያህል ብትይዝ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ውሃ መሆኑ ነው። ይህን ሂሳብ ከሠራሁ በኋላ እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ከመጠገን ጋር አልተዋወቅንም። እኔ እጅ የገባ የተበላሸ እቃ ዕጣው ከሦስት አንዱ ነበር። ወይ ይጣላል፣ ወይ ባለሙያ ይፈለግለታል፣ ወይ "አንድ ቀን ይሠራል" ተብሎ አልጋ ሥር ይገባል። አልጋ ሥር የገባው ይበዛል። ያ "አንድ ቀን" ደግሞ መጥቶ አያውቅም።

ጠዋት ቧንቧውን ፈታሁት። መጀመሪያ ከማጠቢያው ሥር ያለውን የውሃ መዝጊያ ዘጋሁ። ቧንቧውን ከፍቼ የቀረውን ውሃ አስወጣሁ። የማጠቢያውን ቀዳዳም በጨርቅ ደፈንኩት። ይህቺን የጨርቅ ነገር አትናቋት። ትንሿ ብሎን አምልጣ ወደ ፍሳሹ ከገባች ሌላ ሥራ ተጨመረላችሁ ማለት ነው። ቧንቧው እንዳይጫጫር የመፍቻውን አፍ በጨርቅ ጠቀለልኩት። እያንዳንዱ ነገር ሲወጣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ ከዚያ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ፎጣ ላይ ደረደርኩት። ሲገጠም ከቀኝ ወደ ግራ መመለስ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ አንዲት ክብ ጎማ ወጣች። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ፊቷ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ጠርዟም ተሰነጣጥቋል። ስንት ዓመት ውሃውን አፍና የያዘችው እሷ ናት። እኔ እጀታውን ባጠበቅኩ ቁጥር ከሥር ያለው የብረት ጠርዝ እሷን ይበላት ነበር። "ቧንቧው ተበላሽቷል" እያልኩ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ! ቧንቧው ምንም አልሆነም። የደከመችው እሷ ብቻ ነች።

ልኳን የምታክል አዲስ ጎማ ገዝቼ ገጠምኩ። ሥራው ይኸው ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጎማዋ የምታርፍበትን የብረት ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱት። ከሻከረ አዲሷንም በቅርብ ይበላታል፣ መለስለስ አለበት። ሁለተኛ፣ ይህ የሚሠራው ዞሮ ዞሮ ለሚጠብቀው የድሮ ዓይነት ቧንቧ ነው። ባለ አንድ እጀታ የሆኑት አዳዲሶቹ በአብዛኛው ውስጣቸው የሴራሚክ ዲስክ ያለው አንድ ወጥ አካል ስላለ፣ የሚቀየረው እሱ እንዳለ ነው።

ያን ሌሊት ተኝቼ አዳመጥኩ። ብዙ ሰው "ጠብ የሚል ነገር የለም" የሚለው ተስፋ ሲቆርጥ ነው። እኔ ግን ጠብ የሚል ነገር በመጥፋቱ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ጠዋት ማንም ምንም አላለም። ሁሉም ቧንቧውን ከፈተ፣ ታጠበ፣ ዘጋ፣ ሄደ። "ቧንቧውን እኮ..." ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሰው ጠብታ ይሰማል እንጂ ጠብታው መቅረቱን አይሰማም። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። ከሰዓት በኋላ ግን ቅሬታው ራሱ ሌላ መልክ ያዘ። አዲስ እቃ ሲገዛ ሁሉም ያየዋል፣ ይነካዋል፣ "በስንት?" ይላል። የተጠገነ እቃ ግን ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ምስጢሩን የምታውቁት እናንተና እሱ ብቻ ናችሁ። ይህ ስሜት ሱስ ያስይዛል።

ቀጥሎ አልጋ ሥር ወረድኩ።

መጀመሪያ እጄ ላይ የወጣው የቴሌቪዥን ሪሞት ነበር። "ሞቷል" ተብሎ የተጣለ። የባትሪ ቤቱን ስከፍት ጠመዝማዛ ሽቦዎቹ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ብዙ ጊዜ ያፈሰሰ የአልካላይን ባትሪ ትቶት የሚሄደው ነው። በጥጥ ጫፍ ትንሽ ኮምጣጤ አስነክቼ ጠረግኩት፣ በአልኮል አጸዳሁት፣ አደረቅኩት። እጃችሁን ብቻ ጠብቁ፣ ያ ነጭ ነገር ቆዳ ያቃጥላል። ሪሞት መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ደግሞ የምወዳት ዘዴ አለች። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ወደ ሪሞቱ አፍንጫ አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ። ዓይን የማያየውን ብርሃን ካሜራው ሐምራዊ አድርጎ ያሳያችኋል። የኋላው ካሜራ ካላሳየ የፊቱን ሞክሩ፣ ብዙዎቹ የኋላ ካሜራዎች ያንን ብርሃን የሚያጣራ መስታወት አላቸው። ብልጭ ካለ ሪሞቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደ ልጅ ደጋግመው ይጫኑታል።

ከዚያ ካውያው መጣ። አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይጠፋል። ገመዱን በሆነ አቅጣጫ ጠምዝዞ የያዘው ሰው ብቻ ነው የሚተኩስበት። ቤት ውስጥ "ካውያው አመል አለው" ይባል ነበር። ምን አመል አለው! ገመዱ ከካውያው አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በየቀኑ ይታጠፋል። ላይ ያለው ሽፋን ምንም ሳይሆን ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ካላችሁ ድምፅ ወደሚሰጠው ቦታ አድርጋችሁ የአንዱን ሽቦ ሁለት ጫፍ በመለኪያው ያዙና ገመዱን እጠፉት። ጢጢጢ የሚለው ድምፅ የሚቆራረጥበት ቦታ እዚያ ነው የተበጠሰው። እርግጥ ይህን የምታደርጉት ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ ካውያውም በርዶ ነው።

የተጎዳውን ቁራጭ ቆርጬ ጣልኩና ገመዱን እንደገና አሰርኩ። በብዙ አገር ቡናማው ሽቦ ኃይል ያለው፣ ሰማያዊው የመመለሻው፣ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው የመሬቱ ነው። በሁሉም አገር ግን እንዲህ አይደለም፣ የድሮ እቃም የራሱ ቀለም አለው። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ። ቀለም በማስታወስ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል። የመሬቱን ሽቦ ደግሞ ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝሙት። ገመዱ በኃይል ቢሳብ መጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሁን። ሙሉ ገመዱን የምትቀይሩ ከሆነ ለሙቀት እቃ የተሠራ፣ ውፍረቱም ከድሮው የማያንስ ውሰዱ። 2000 ዋት ካውያ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፒር ይስባል። ይህን ሁሉ በሬዲዮ ገመድ ውስጥ ለማሳለፍ መሞከር እሳት መለኮስ ነው።

ስለ ብሎን አንድ ነገር ካልተናገርኩ አያስችለኝም። ግማሹ የጥገና ብስጭት የሚመጣው ከብሎን ነው። ባለመስቀል ብሎን ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ፊሊፕስ የሚባለው ተራ መስቀል ነው። ፖዚድራይቭ የሚባለው ደግሞ በመስቀሉ ክንፎች መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። የአንዱን ካቻቢቴ ለሌላው ስትጠቀሙ ይሾልካል፣ ጥርሱን ይበላዋል። መጠንም አላቸው። የቤት እቃ ላይ ብዙ የሚያጋጥመው ቁጥር 2 ነው፣ ትናንሾቹ ቁጥር 1 ይፈልጋሉ። ስትፈቱም ከማዞሩ በላይ ወደ ታች መጫኑ ነው ዋናው። ጥርሱ ከተበላ ደግሞ ሰፋ ያለ ላስቲክ ጭንቅላቱ ላይ አድርጋችሁ በላስቲኩ ላይ ካቻቢቴውን ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሁልጊዜ አይሠራም። ሲሠራ ግን በመስኮት ወጥቶ መጮህ ያሰኛል።

እንጨት ላይ ሲሆን የሚላላው ቀዳዳው ነው። የቁምሳጥን በር ማጠፊያው ተንጠልጥሎ ነበር፣ ብሎኑን ባዞረው ባዞረው አይጠብቅም። ሦስት ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ነክሬ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ሲደርቅ የተረፈውን ቆርጬ ብሎኑን እዚያው መለስኩ። ያው በር ዛሬም አለ።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። ከሁሉም ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ነው የጠገንኩት፣ አንዴ በስህተት፣ አንዴ በትክክል።

የእንጨት ወንበር ነው። የተቀመጠበት ሰው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሲጥጥ ይላል። ኋላ ላይ እግሩ ወደ ጎን ይንሸራተት ጀመር። በመጀመሪያው ጥገና ኮላ ክፍተቶቹ ላይ አፈሰስኩ፣ ለማስተማመኛ ደግሞ ሁለት ምስማር መታሁ። አንድ ወር አልሞላውም። ሲጥጥታው ተመለሰ፣ አንደኛው ምስማር ደግሞ እንጨቱን ሰነጠቀው። የችኮላ ሥራ ዋጋው ይህ ነው። ችግር ያልነበረበትን ቦታ አበላሸሁ።

ለሁለተኛው ጥገና አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሰጠሁት። መጀመሪያ አገላብጬ አየሁት። ወንበሩን ጣሪያ እያየ አስተኝቼ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጄ ወዘወዝኩ። የላላው አራት ቦታ ብቻ ነው፣ ሌላው ጥብቅ ነው። ጥብቁን መንካት አያስፈልግም። በላሉት ላይ ፕላስተር ለጥፌ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ጻፍኩ፣ እግሩ ላይም ቀዳዳው ላይም ያንኑ ፊደል። አራቱም እግሮች አንድ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። ዓመታት አብሮት ከኖረው ቀዳዳ ውጪ የትኛውም እግር በትክክል አይገባም።

ምስማሮቹን ነቅዬ፣ በመዶሻና በቁራጭ እንጨት ቀስ እያልኩ አላቀቅኳቸው። መዶሻውን በቀጥታ ወንበሩ ላይ አታሳርፉት፣ ቁራጭ እንጨት መሃል ይግባ። ከዚያ የድሮው ኮላ መጣ። እኔ መጀመሪያ ያልገባኝ ይህ ነበር። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚይዘው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ነው። የደረቀ ኮላ ላይ ቢቀባ የሚሰርግበት ስለሌለ አይይዝም። ስለዚህ አሮጌው ሙልጭ ብሎ መውጣት አለበት። ሞቅ ያለ ኮምጣጤ ያለሰልሰዋል። ከዚያ በቢላ ፋቅ ፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ፣ ከዚያ ማድረቅ። ይህ ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ። ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ይህን ሁለት ሰዓት ነው። ምክንያቱን እስካሁን በደንብ ማስረዳት አልችልም። እጅ ሥራ ይዟል፣ ሐሳብ ይሄዳል ይመለሳል፣ ስልክ ትዝ አይልም። ኮላው ይነሳና ንጹሕ እንጨት ብቅ ይላል።

ቀሪው ፈጣን ነው። ኮላ ሁለቱም ወገን ላይ ቀባሁ፣ እግሮቹን በየፊደላቸው መለስኩ። ማጥበቂያ መሣሪያ አልነበረኝም። ገመድ በአራቱ እግሮች ዙሪያ ሁለቴ አዙሬ አሰርኩና በገመዱ መካከል ዱላ አስገብቼ ጠመዘዝኩት። ገመዱ እያጠረ ሲሄድ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፣ ከየመገጣጠሚያው ኮላ ቡጭ ቡጭ ይላል። የወጣውን ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ወዲያው ደግሞ ወንበሩን ደልዳላ መሬት ላይ አቁማችሁ እዩ። የሚወዛወዝ ከሆነ አሁኑኑ ነው የሚስተካከለው። ከደረቀ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ከዚያ 24 ሰዓት ማንም እንዳይቀመጥበት። ማስታወቂያ ጽፌ ለጥፌበት ነበር።

ሁሉም ነገር እንዲህ ያማረ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሬዲዮ ብሎን ፍለጋ ስታገል የፕላስቲክ መያዣዎቹን በሙሉ ሰብሬዋለሁ። ብሎኑ ተለጣፊው ወረቀት ሥር ተደብቆ ነበር። አሁን የማይከፈት ነገር ሲያጋጥመኝ ኃይል አልጨምርም፣ ያላየሁት ብሎን አለ ብዬ እፈልጋለሁ።

ቬንቲሌተሩ ደግሞ ከነጭራሹ አሸነፈኝ። እምምም ይላል፣ አይዞርም። ዝገት አላቃቂ ስፕሬይ ነፋሁበት፣ ዞረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉራዬን ነዛሁ። ከዚያ ቆመ። ያ ስፕሬይ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል፣ የነበረውን ትንሽ ቅባትም አጥቦ ይሄዳል። መሆን የነበረበት የስፌት መኪና ዘይት ዓይነት ነው። ዘይቱን አደረግኩ፣ አሁንም እምምም። በእንጨት ነካ ሲያደርጉት የሚዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካፓሲተሩ ነው፣ ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ትንሽ እቃ። ማይክሮ ፋራዱ፣ ማለትም የመያዝ አቅሙ፣ ከድሮው ጋር እኩል፣ ቮልቱ ደግሞ ከድሮው የማያንስ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ። አሁንም አልዞረም። በመጨረሻ ሞተሩን ስከፍተው የተጠቀለለው መዳብ ጠቁሯል፣ ሽታውም የተቃጠለ ነው። አበቃ። ከመጀመሪያው አሽትቼው ቢሆን ኖሮ አንድ ወር ባልለፋሁ። አፍንጫ ነፃ ቴስተር ነው። ብሎኖቹንና ገመዱን ለሌላ ጊዜ አስቀረሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪዬሊ ባወጡት ጥናት፣ ሰው በእጁ የገጣጠመውን ነገር ከዋጋው በላይ እንደሚወደው አሳይተዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላኛው ግማሹ ነው። ሥራው ሳያልቅ ከቀረ ያ ተጨማሪ ፍቅር ይጠፋል። ተፈትቶ የተቀመጠ ቬንቲሌተር ያየ ሰው ጥናት አያስፈልገውም። ጀማሪ ከሆናችሁ በአንድ ቁጭታ በሚያልቅ ነገር ጀምሩ። የሸሚዝ ቁልፍም ቢሆን። ዚፕ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ደህና ሆኖ የሚከፈተው ተንሸራታቿ ብረት ስለላላች ነው፣ በፒንሳ ሁለቱን ጎኖቿን በጥቂቱ ጫን ማድረግ ይበቃል።

የማልነካቸው አሉ። ማይክሮዌቭ አልከፍትም። ሶኬቱ ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። የድሮዎቹን ወፍራም ቴሌቪዥኖችም እንዲሁ። የጋዝ መስመርና የግድግዳ ውስጥ ኤሌክትሪክ የባለሙያ ነው። ያበጠ የስልክ ባትሪም አይበሳም፣ አይጫንም። ጉብዝና እዚህ ቦታ አያስፈልግም።

ብቻችሁን የምትፈሩ ከሆነ ከሚችል ሰው ጎን ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማርቲን ፖስትማ የተባለች ሴት አምስተርዳም ውስጥ የመጀመሪያውን "ሪፔር ካፌ" ያዘጋጀችው በዚህ ሐሳብ ነው። እቃህን ይዘህ ትመጣለህ፣ የሚያውቅ ሰው አብሮህ ይቀመጣል፣ አብራችሁ ትጠግናላችሁ። ዛሬ በብዙ አገር አለ። ለዚህ ደግሞ ጠረጴዛና አንድ ትዕግሥተኛ ጎረቤት ይበቃል። እቃ ስትገዙም ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ብሎን ያለው እቃ ይከፈታል፣ በሙጫ የታሸገ ግን ሲበላሽ መጣሉ ነው። ፈረንሳይ በ2021 እ.ኤ.አ. ስልክና ቴሌቪዥንን የመሰሉ እቃዎች ለጥገና ያላቸው ምቹነት ከ10 ነጥብ ተሰጥቶት እንዲሸጡ ማስገደድ ጀምራ ነበር። ያ ነጥብ በሌለበት የገዢው ዓይን ነው ነጥብ ሰጪው።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ መጣ። ያን ወንበር ስቦ ተቀመጠበት። ሲያወራ ወደ ኋላ መለጠጥ ይወዳል፣ ድሮም እንዲሁ ነው፣ ወንበሩን ለዚያ ያደረሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የፊት እግሮቹን አንስቶ በኋላዎቹ ቆመና ስለ ሥራው ረጅም ነገር ጀመረ። እኔ ግን ወሬውን መስማት ትቼ ወንበሩን እያዳመጥኩ ነበር። ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት ተመለሰ። ሲጥ የለም።

"ምነው ፈገግ አልክ? ያሳቀህ ምኑ ነው?" አለኝ።

"ምንም፣ ቀጥል" አልኩት።